ስለ አገራችን በቀቀኖች

በቀቀን የሚባለው ወፍ ስሙ በአፋችን የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለነቀፋ ነው። ትምህርቱን ሳያስተውል ቃል በቃል የሚደግመውን ተማሪ «እንደ በቀቀን ይደግማል» እንለዋለን። ይህን ስንል ግን በቀቀን በገዛ ከተማችን ዛፎች ላይ እንደሚኖር የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ስለ ሁለት የአገራችን በቀቀኖች፣ ይልቁንም በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ባለው የአዲስ አበባ ክፍል ስለሚታየው ስለ ትንሹ፣ ያጠናሁትን ለአንባቢዎች ለማቅረብ አሰብሁ።

የመጀመሪያው ግንባረ ቢጫው በቀቀን ነው። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ርዝመቱ 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ሰውነቱ አረንጓዴ፣ ራሱ ግን ቢጫ ነው። በ1845 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ለሳይንስ ሊቃውንት ያስታወቀው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የፍራንክፈርት ተወላጅ ነው። ትልልቅ ዛፍ ያለበትን ደን ስለሚወድ ከከተማ ይልቅ በጫካ ይታያል።

ሁለተኛው ግን ጎረቤታችን ነው። ጥቍር ክንፍ ያለው ትንሽ በቀቀን ሲሆን ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አገሩ ኢትዮጵያና ኤርትራ ነው፤ ከ1,300 እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ባለው ደጋና ወይና ደጋ ይኖራል። አጋፖርኒስ ታራንታ የሚለውን የሳይንስ ስሙን ያገኘው ከምፅዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው መንገድ ካለው ከታራንታ ተራራ ነው፤ ስሙም በመጽሐፍ የወጣው በ1814 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ስለ ሐበሻ ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ነው። ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ግን ቀይ የላትም፣ እንዲያው አረንጓዴ ናት። የጽድ ፍሬና የሾላ ፍሬ ይወዳሉ። ሰው አይመስሉም፣ አይናገሩም፤ ሲበርሩ ብቻ በቀጭን ድምፅ ይጮኻሉ።

እነዚህ ወፎች ለመጥፋት ተቃርበዋልን? በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ «ቀይ መዝገብ» የሚባል ዝርዝር ያወጣል። በዚህ መዝገብ ሁለቱም በቀቀኖቻችን «እምብዛም ከማያሰጉት» ተራ ተጽፈዋል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ነገር ግን መዝገቡ እንዴት እንደሚዘጋጅ ስመረምር ደስታዬ ቀነሰ። አንድ ወፍ ከሚያሰጉት ተራ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ቍጥሩ በዐሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ፣ ከመቶ 30 ሲቀንስ ነው። መቀነሱን ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል፤ የሁለቱ በቀቀኖቻችን ጠቅላላ ብዛት ግን ተቈጥሮ አልተመዘገበም።

ብዛት ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን የሌላው ዓለም ታሪክ ያሳያል። በሰሜን አሜሪካ በመንጋ ይበርር የነበረው የካሮላይና በቀቀን የመጨረሻው በ1918 ዓ.ም. በሲንሲናቲ የእንስሳት ማሳያ ውስጥ ሞተ። እንደ ሰው በመናገሩ የታወቀው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ግራጫ በቀቀንም ለሽያጭ እየተያዘና ደኑ እየተመነጠረ ስላለቀ በ2016 ዓ.ም. ለመጥፋት ከተቃረቡት ተራ ተጻፈ።

በ1973 ዓ.ም. ዋሺንግቶን ላይ የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፀዋት ንግድ ውል ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ በቀቀኖችን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ያለ ፈቃድ ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጡ ይቈጣጠራል፤ ኢትዮጵያም በ1989 ዓ.ም. የውሉ አባል ሆናለች። እንደ እኔ አስተያየት ግን የእኛን ሰፈር ወፍ የሚያሰጋው የነጋዴ ጎጆ ሳይሆን መጥረቢያ ነው።

ምክንያቱም ይህ ነው። በቀቀን በቅርንጫፍ ላይ ጎጆ አይሠራም፤ እንቍላሉን የሚጥለው በዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳውን ራሱ አይፈለፍልም፤ ግንደ ቈርቍር የፈለፈለውን ወይም ግንዱ አርጅቶ የቦረቦረውን ይይዛል። አንዳንድ ጊዜም በግድግዳ ቀዳዳ ይገባል። እንግዲህ ለበቀቀን ዛፍ መኖሩ ብቻ አይበቃውም፤ ያረጀ ዛፍ ይፈልጋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የገባው ባሕር ዛፍ የእናቶቻችንን ምድጃ ስላነደደ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን በየጥቂት ዓመቱ ስለሚቈረጥ ቀዳዳ እስኪያወጣ አይቈይም። ዛሬ በአደባባይና በመንገድ ዳር የሚተከለው ችግኝም ቢሆን በእኛ ዕድሜ ቀዳዳ አያወጣም።

ገርጂ፣ ሰሚት፣ አያትና ቡልቡላ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ ቦታዎች ነበሩ። ዛሬ ቤትና ፎቅ ሞልቶባቸዋል። ያረጀ ጽድና ወይራ የቀረው ይልቁንም በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ነው። በኮተቤ በኩል ወደ አንዱ ደብር ሄጄ ትንሾቹን በቀቀኖች በጽድ ላይ ሲበሉ ባየሁ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ካህን አጠገቤ ቆመው ነበር።

«አባ፣ እነዚህ ወፎች ዱሮም ነበሩ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነበሩ እንጂ ልጄ። ያን ጊዜ ከአጥር ውጭም ነበሩ፤ አሁን ከእኛ ጋራ ተጠግተው ቀሩ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ እየሄድሁ መቍጠር ጀምሬአለሁ። ብዙ ጊዜ ጥንድ ወይም ከአራት እስከ ስድስት ሆነው ይመጣሉ፤ በአንድ ቀን ያየሁት ትልቁ ቍጥር 11 ነው። ከነዚህም ግንባራቸው ቀይ የሆኑት 5 ነበሩ። ግንባራቸው አረንጓዴ የሆኑትን ሁሉ ግን ሴቶች ናቸው ብዬ አልጽፍም፤ ያላደገ ወንድም ቀይ የለውምና።

አብሮኝ ለመቍጠር የሚፈልግ ተማሪ ቢኖር የሚያስፈልገው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የዛፉን ዓይነትና የወፎቹን ብዛት ይጽፋል፤ ባልታዩበትም ቀን «0» ብሎ ይጽፋል እንጂ ገጹን ባዶ አይተወውም። ወላጆችም በግቢያቸው ቀዳዳ ያለው ያረጀ ዛፍ ካለ፣ ከመቍረጣቸው በፊት ወፍ ይገባበት እንደ ሆነ ጧትና ማታ ቢመለከቱልን ደብተራችን ውስጥ እንጽፈዋለን።