የቴአትር ዓመት እንደ ዕዳ፦ የተውኔት ምርጫና የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት በአሜሪካ የማኅበረሰብ ቴአትሮች

በአሜሪካ ትናንሽ ከተሞች የሚገኙ የማኅበረሰብ ቴአትሮች በየዓመቱ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያውጃሉ። አንደኛው በመጪው የቴአትር ዓመት የሚቀርቡት ተውኔቶች ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ነው። አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ለኪነ ጥበብ፣ ሁለተኛውን ለአስተዳደር ሰጥተው ይለያዩአቸዋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ሁለቱ የአንድ ውል ሁለት ገጾች መሆናቸውና የምሽቱ ገንዘብ የሚውልበት ቦታ የዝርዝሩን ድፍረት የሚወስን መሆኑ ነው።

አስቀድሞ ቃሉን ማጥራት ያሻል። በእኛ ዘንድ «የማኅበረሰብ ቴአትር» ሲባል ስለ ጤና ወይም ስለ ልማት ለማስተማር በአደባባይ የሚቀርበው ትርኢት ይታሰባል። እዚህ የተባለው ግን ነዋሪዎች ያለ ደመወዝ የሚተውኑበት፣ የሚያዘጋጁበትና የሚያስተዳድሩት ለትርፍ ያልተቋቋመ ቴአትር ነው። ቀን መምህር ወይም ነርስ ሆኖ የዋለ ሰው ማታ ተዋናይ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ቴአትር በዓመት አራት ወይም አምስት ተውኔቶችን ያቀርባል። የዝርዝሩ አወቃቀር ከከተማ ከተማ ብዙም አይለያይም፤ ወጪው ከባድ ገቢውም ትልቅ የሆነ አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት፣ አንድ ኮሜዲ፣ አንድ የወንጀል ምሥጢር፣ ለገና በዓል ብዙ ሕፃናት የሚሳተፉበት አንድ ትርኢት፣ በመጨረሻም ኮሚቴው የሚወደውና ገንዘብ ያዡ የሚፈራው አንድ ከበድ ያለ ድራማ። የሕፃናቱ ቁጥር በአጋጣሚ የበዛ አይደለም፤ መድረክ ላይ የወጣ እያንዳንዱ ልጅ ወላጆቹንና አያቶቹን ይዞ ይመጣል።

ዝርዝሩ ቀደም ብሎ የሚታወጀው የዓመቱን ትኬት በአንድነት ለመሸጥ ነው። ዳኒ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው መጽሐፉ የዓመት ደንበኛን ከዕለት ትኬት ገዢ አስበልጦ ያየበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የዓመት ደንበኛ ያልሰማበትን ተውኔት ከሚያውቀው ጋር አብሮ ይገዛል። በእኛ ቋንቋ እናስረዳው ካልን፣ የዓመቱ ትኬት በተውኔቶች መካከል የቆመ ዕድር ነው። ሁሉም ያዋጣሉ፤ አንዱ ላይ ጉዳት ሲደርስ ሌሎቹ ይሸከሙታል። በሒሳብ መዝገብ ዓይን ግን ተውኔቱ ሳይታይ የተሰበሰበው ገንዘብ ገና ገቢ አይባልም፤ ትርኢቱ እስኪቀርብ ድረስ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የዓመቱን ዝርዝር ማወጅ ዕዳ ውስጥ መግባት ነው።

ዕዳውን አስጊ የሚያደርገው የደራሲ መብት ጉዳይ ነው። ቴአትሩ ለእያንዳንዱ ትርኢት ለመብት ወኪል ይከፍላል፤ ለሙዚቃዊ ተውኔት ደግሞ የሙዚቃ ጽሑፉን ኪራይና መያዣ ይጨምራል። የተፈቀደ መብትም ሊያከራክር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 በክሪስቶፈር ሰርገል የተዘጋጀውን የሐርፐር ሊ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በወኪሉ ፈቃድ ለማቅረብ የተነሡ በርካታ ትናንሽ ቴአትሮች፣ የአሮን ሶርኪን አዲስ ዝግጅት በብሮድዌይ እየታየ በመሆኑ የሕግ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው ትርኢታቸውን ሰርዘዋል። ማስጠንቀቂያው ብዙ ነቀፋ ካስነሣ በኋላ የብሮድዌዩ ወገን የሶርኪንን ጽሑፍ በምትክነት እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። ሆኖም ትኬት ሸጦ፣ ልምምድ ጀምሮ፣ አልባሳት አሰፍቶ ለነበረ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ምትክ ጽሑፍ የሚያቃልለው የችግሩን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው።

ዊልያም ባውሞልና ዊልያም ቦወን እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት የትርኢት ኪነ ጥበባት ወጪ ከገቢያቸው ፈጥኖ እንደሚያድግ አስረድተዋል፤ በፋብሪካ የአንድ ሠራተኛ ምርት ሲጨምር አንድን ተውኔት ለመተወን የሚያስፈልገው ሰውና ሰዓት ግን አይቀንስምና። በማኅበረሰብ ቴአትር ተዋናዩ ደመወዝ ስለማይከፈለው ይህ መከራከሪያ እንዳለ አይሠራም። ጉድለቱ ግን ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። የአዳራሽ ኪራይ፣ መድን፣ መብራትና የመብት ክፍያ ይቀራሉ፤ የበጎ ፈቃደኛውም ጊዜ ወሰን አለው።

የገቢ ማሰባሰቢያው ምሽት ቦታ እዚህ ላይ ነው። እራት፣ ጨረታ፣ ከመጪው ሙዚቃዊ ተውኔት የተቀነጨቡ ዘፈኖች ይቀርቡበታል። የአሜሪካ የግብር ሕግ ይህን ምሽት ለሁለት ይከፍለዋል። የመግቢያው ዋጋ 100 ዶላር ቢሆንና እራቱ 40 ዶላር ቢያወጣ፣ እንግዳው እንደ ስጦታ ቆጥሮ ከግብር ማስቀነስ የሚችለው 60 ዶላሩን ብቻ ነው፤ ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ከሆነም ድርጅቱ ይህንኑ በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት። በጸሐፊው አስተያየት ሕጉ ሳያስበው ጥሩ የጥናት መሣሪያ ሰጥቶናል። ድግሱን ከስጦታው ለይቶ ማየት ያስችላል፤ ቀጥሎ የሚጠየቀው ስጦታው የት ገባ የሚለው ነው።

በተግባር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጣሪያ ጥገናና ወደ ኪራይ ይገባል። ይህ ነውር አይደለም፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቴአትር ተመልካች አይኖረውም። ችግሩ ሌላ ነው። ተመልካቹ የዓመቱን ትኬት ትቶ የሚወደውን ብቻ እየመረጠ መግዛት ሲያዘወትር ከላይ ያልነው ዕድር ይፈርሳል። የገናው ትርኢት ትርፍ ወደ ድራማው የሚሻገርበት ድልድይ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ የምሽቱ ስጦታ በስም ተለይቶ ለአስጊው ተውኔት ካልተመደበ፣ ከዝርዝሩ ቀድሞ የሚወጣው እርሱ ነው። ለጋሹ ዓላማውን ወስኖ የሰጠው ገንዘብ በመዝገብ ተለይቶ የሚያዝና ለሌላ ጉዳይ የማይውል በመሆኑ፣ ቦርዱ ባጀት ሲያጥረው ድራማውን ለመሰረዝ ቢፈተን እንኳ ገንዘቡን ለኪራይ ማዋል አይችልም።

የዚህ አሠራር ሥር «ትንሹ ቴአትር» ወደሚባለው የ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ እንቅስቃሴ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1915 በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ የተጀመረው የፕሮቪንስታውን ተዋንያን ቡድን በቀጣዩ ዓመት ከዩጂን ኦኒል ተውኔቶች ለመድረክ የበቃውን የመጀመሪያውን በዓሣ ማራገፊያ መድረክ ላይ አቅርቦ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ። የተዳደረውም በአባልነትና በደንበኝነት ክፍያ ነበር። መሪው ጆርጅ ክራም ኩክ በ1920 ለ«ኤምፐረር ጆንስ» መድረክ የኖራ ጉልላት ለማሠራት የቡድኑን አብዛኛውን ገንዘብ አፈሰሰ። አስቀድሞ የከፈለ ደንበኛ ባይኖር እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚታሰብ አልነበረም። ተውኔቱ ተወደደ፤ ወደ ብሮድዌይም ተሻገረ። ቡድኑ ግን ስኬቱን ከተሸከመ በኋላ ወደ ቀድሞ ጠባዩ አልተመለሰም፤ ኩክ በ1922 ወደ ግሪክ ሄደ፣ የመጀመሪያው ማኅበርም በዚያው ዓመት አበቃ።

በአዲስ አበባ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ማኅበር ነበር፤ ሕዝቡን ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ ለማንቃት የቆመ ማኅበር። ዛሬ የከተማዋ ትልልቅ ቴአትር ቤቶች የመንግሥት ተቋማት ናቸው፤ የዓመት ትኬትም አይሸጡም። አንድ ተውኔት ከሳምንቱ አንድ ቀን ይመደብለትና ተመልካች እስካለው ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይታያል። ተመልካቹም የሚከፍለው በር ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት የወደቀ ተውኔት ሌላውን ይዞ አይወድቅም፤ ቀኑን ለተተኪው ይለቃል። የማክሰኞው ተውኔት ሲዳከም ግን የእሑዱ አይደግፈውም፤ አዲስ ጸሐፊም ተመልካቹን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብቻውን ማግኘት አለበት።