ስለ ሞተር ብስክሌት ፍሬን፤ አየሩ እንዴት እንደሚወጣ

በገጠር የሚሠራ አስተማሪ ቀድሞ በበቅሎ ይሄድበት የነበረውን መንገድ ዛሬ በብዙ ስፍራ በሞተር ብስክሌት ይሄድበታል። በቅሎ ቍልቍለቱን ራሷ እያየች ትወርዳለች፤ ሞተር ብስክሌትን ግን የሚይዘው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ እንደ ቀድሞው መጠንከሩን ትቶ እንደ ሰፍነግ መለስለስ የጀመረ እንደ ሆነ፥ ባለቤቱ «እስከ ገበያ ቀን ያድርሰኝ» ብሎ ዝም ማለት አይገባውም። የዚህ ልስላሴ ምክንያት ብዙ ጊዜ በቱቦው ውስጥ የገባ አየር ነው፤ እርሱንም ማስወጣት በቤት ደጅ የሚቻል ሥራ ነው።

የነገሩ ምክንያት

ከ1623 እስከ 1662 (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) የኖረው ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ ወገን ቢገፋ ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ሁሉም ወገን ይደርሳል። የፍሬንም ሥራ በዚህ ሕግ ነው። እጅ እጀታውን ሲጨብጥ ከመሪው አጠገብ ያለው ፖምፓ ፈሳሹን ይገፋል፤ ፈሳሹም በቱቦው ወርዶ በጎማው አጠገብ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከሚዞረው ዲስክ ጋራ ያጣብቀዋል። ፈሳሽ ቢጫኑት አይጨመቅም ማለት ይቻላል፤ አየር ግን ይጨመቃል። እንግዲህ በመካከሉ ጥቂት አየር ቢኖር የእጅ ጕልበት አየሩን በመጭመቅ ያልቃል፤ ሸራው ዘንድ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ፍሬናቸው በሽቦ ብቻ የሚሳብ ሞተሮች ይህ ሥራ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ፈሳሹ

ሰው ሁሉ «የፍሬን ዘይት» ይለዋል፤ ነገር ግን ስሙ ያሳስታል እንጂ ዘይት አይደለም። ስለዚህ የሞተር ዘይት ወይም የምግብ ዘይት የጨመረበት ሰው የውስጡን ጎማ አሳብጦ ፍሬኑን ፈጽሞ ያበላሻል። የሚጨመረው በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ዐይነት ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። ይህ ፈሳሽ ከአየር እርጥበትን ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሙቀት ሳይፈላ ይታገሣል፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በ155 ዲግሪ ገደማ ሊፈላ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቍልቍለት ፍሬኑ ሳያርፍ ሲያዝ ሙቀቱ ይበረታል፤ ፈሳሹ ፈልቶ ተን የሆነ እንደ ሆነ እጀታው ባዶውን ይወድቃል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ፈሳሹን መለወጥ የሚገባው ስለዚህ ነው።

የሥራው ተራ

1ኛ፤ ሞተሩን በደልዳላ ስፍራ ማቆም፤ ማጠራቀሚያው እንዳያዘነብል መሪውን ማስተካከል፤ ፈሳሹ ቀለም ይልጣልና ዙሪያውን በጨርቅ መሸፈን።

2ኛ፤ ክዳኑን ከአቧራ ጠርጎ መክፈት፤ አዲስ ፈሳሽ እስከ ላይኛው ምልክት መጨመር።

3ኛ፤ በጎማው አጠገብ ባለው የአየር ማስወጫ ብሎን ላይ ልኩ የሆነውን መፍቻ ማግባት፤ ከጫፉም ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፥ ሌላውን ጫፍ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ማጥለቅ።

4ኛ፤ እጀታውን ቀስ ብሎ ደጋግሞ መጨበጥ፤ በመጨረሻም ጨብጦ መያዝ። በዚያን ጊዜ ረዳቱ ብሎኑን ሩብ ዙር ይፈታል፤ እጀታው ወደ መሪው ይወርዳል፤ አረፋም ይወጣል። እጀታው የሚለቀቀው ብሎኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህ ተራ የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው፤ ብሎኑ ሳይዘጋ እጀታውን የለቀቀ ሰው የወጣውን አየር መልሶ ያስገባዋልና።

5ኛ፤ አረፋ የሌለበት ንጹሕ ፈሳሽ እስኪወርድ ድረስ ይህንኑ መደጋገም። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ አየር ከላይ ይገባል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።

6ኛ፤ ብሎኑ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ እንዳይሰበር በልክ ማጥበቅ፤ ፈሳሹን እስከ ምልክቱ ሞልቶ መክደን፤ የፈሰሰውን በውሃ ማጠብ።

ከዚህ በኋላ እጀታው ጠንክሮ መቆሙንና የሚያፈስ ስፍራ አለመኖሩን አይቶ፥ መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ መሞከር ይገባል። አሁንም ከለሰለሰ ወይም የሚያንጠባጥብ ነገር ከታየ ሞተሩ ወደ ሠራተኛ ይወሰድ እንጂ አይነዳ። የወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው፤ ዳግመኛ አይጨመር፤ ወደ ወንዝም አይደፋ፤ ልጆች ሊጠጡት በሚችሉት ጠርሙስም አይቀመጥ።

በክፍል ውስጥ ለማሳየት

አስተማሪው ያልተሠራባቸው መርፌ የሌላቸው ሁለት ሲሪንጆች በቀጭን ቱቦ አያይዞ ውሃ ይሙላባቸው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ወዲያው ይነሣል። ቀጥሎ ጥቂት አየር ያስገባና ሁለተኛውን በጣት ይዞ የፊተኛውን ይግፋ፤ ልጆቹም አየሩ ሲጨመቅ በዐይናቸው ያያሉ።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ የለሰለሰ እጀታ ከቍልቍለቱ በፊት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጥያቄ

1. አየር በገባበት ፍሬን የእጅ ጕልበት ወዴት ይሄዳል?
2. እጀታው ከመለቀቁ አስቀድሞ ብሎኑ ስለ ምን ይዘጋል?
3. «የፍሬን ዘይት» የሚለው ስም ሰውን እንዴት ሊያሳስት ይችላል?