የመብራት መቋረጥን አጥርቶ ስለማስታወቅ

በወላይታ የበልግ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ የክረምቱ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ከሰዓት በኋላ ዳሞታ ተራራ ላይ ደመና ሲጠቁር «ዛሬ መብራት ይሄዳል» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራቱ ሲሄድም የምናሰማው «ጠፋ!» የሚለውን ብቻ ነው። ታዲያ የጥገና ሠራተኛው ከየት ይጀምር? በዚህ ጽሑፍ መቋረጡንና ያመጣውን የአየር ሁኔታ እንዴት አጥርተን እንደምናስታውቅ እንመለከታለን።

ሀ. መብራት ለምን ይጠፋል?

አካባቢያችን የኃይል መገኛ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ የሚደርሰው የ500 ሺህ ቮልት መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሥራ የጀመረው በኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እነዚህ በረጃጅም የብረት ማማዎች ላይ ያልፋሉ። ወደ ቤታችን የሚመጣው ግን በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት በምሰሶ ተጉዞ፣ በትራንስፎርመር ወደ 380 እና 220 ቮልት ወርዶ ነው። ዝናብና ነፋስ በቀላሉ የሚጎዱት ይኸን መስመር ነው። ይኸውም፦

1. ነፋስ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይጥላል፤ ወይም ሽቦን ከሽቦ ያነካካል።
2. መብረቅ ሽቦውን የሚይዘውን የሸክላ ሲኒ ይሰነጥቃል፤ ትራንስፎርመር ያቃጥላል።
3. ብዙ ቀን የዘነበበት አፈር ይላላና ምሰሶው ያዘነብላል።

ለ. ሪፖርቱ ምን ይያዝ?

1. ስፋቱ። የጠፋው በእኛ ቤት ብቻ ከሆነ ብልሽቱ ከቆጣሪው ወዲህ ሊሆን ይችላል፤ ቆጣሪው የቅድመ ክፍያ ከሆነ ካርዱ አልቆም ይሆናል። ሰፈሩ በሙሉ ከጨለመ ትራንስፎርመሩ ወይም ፊውዙ ይጠረጠራል። ከተማው በሙሉ ከጨለመ ነገሩ ከዋናው መስመር ወይም ከማከፋፈያ ጣቢያው ነው። አንዱ ቤት በርቶ ጎረቤቱ ከጠፋ ደግሞ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላልና ይኸም ይነገር።

2. ቦታው። ቀበሌው፣ መንገዱና በአቅራቢያው ያለ የታወቀ ነገር ይጠቀስ። በምሰሶው ላይ ቁጥር ካለ ይነበብ።

3. ሰዓቱ። «ማታ» አይበቃም። «ሰባት ሰዓት» ሲባልም የቀኑ ይሁን የሌሊቱ ይለይ።

4. የአየሩ ሁኔታ። ነፋስ ነበረ? በረዶስ? ብልጭታውን ካየን በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ያለውን ሴኮንድ ቆጥረን ለ3 ብናካፍል መብረቁ በስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረ በግምት እናገኛለን፤ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛልና።

5. ያየነውና የገመትነው። «ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል» ማለት ግምት ነው። «ከትራንስፎርመሩ ጭስ ሲወጣ አየሁ» ማለት ግን ምስክርነት ነው።

እንግዲህ «እኛ ጋ መብራት የለም» ከማለት ይልቅ «ከአረካ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ በኃይለኛ ነፋስ ባሕር ዛፍ ሽቦው ላይ ወድቋል፤ ሽቦው ተበጥሶ መሬት ነክቷል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጨልሟል» ብንል ሠራተኛው መሣሪያውን አዘጋጅቶ ይመጣል። ጥሪው ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደረጋል።

ሐ. ጥንቃቄ

መብራት ጠፍቷል ማለት ሽቦው ሞቷል ማለት አይደለም። የወደቀ ሽቦ እርጥቡን መሬት ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ሕፃናትንና ከብቶችን ማራቅ ያስፈልጋል። የከብት የፊትና የኋላ እግሮች ስለሚራራቁ አደጋው በከብት ላይ ይብሳል። በእንጨት ልግፋው ማለትም አይገባም፤ እርጥብ እንጨት ያስተላልፋል።

በተዳፋት ላይ ያለ ምሰሶ ወይም ዛፍ ከዕለት ወደ ዕለት ሲያዘነብል፣ መሬቱም ሲሰነጠቅ፣ ናዳ እየመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ ለቀበሌውም ወዲያው ይነገር፤ ነዋሪውም ከሥፍራው ይራቅ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ነበሩ። በዚያው ወር መጨረሻ በእኛው ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ናዳ ሕይወት አጥፍቷል።

መ. በክፍል ውስጥ

እጩ መምህራን ለልምምድ ስትወጡ ይህን ትምህርት ለማስተማር ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ተማሪዎች ቀን፣ ሰዓት፣ ዝናብ፣ ነፋስ፣ ነጎድጓድ፣ መብራት የሚሉ ስድስት ዓምዶች ያሰምሩ፤ ለአንድ ወርም በየቀኑ ይሙሉ። በወሩ መጨረሻ መብራት የጠፋባቸውን ቀኖች ነፋስ ከነበረባቸው ጋር ያነጻጽሩ። የሒሳብ፣ የሳይንስና የአማርኛ ትምህርት በአንድ ገጽ ይገናኛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በአምስት መስመር ሪፖርት ይጻፍ፤ ጓደኛው ያየውንና የገመተውን ለይቶ ያስምርበት።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በሽታውን በደፈናው የተናገረም መድኃኒቱ ይዘገይበታል። በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ክትባት እያለ፣ በመንገድ ዳር የተበጠሰ ሽቦ ተጋድሞ ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ የአንድ ሰዓት መዘግየት ቀላል አይደለም። አይቶ፣ ለይቶ፣ በሰዓቱ መናገርን ተማሪው የሚለምደው ከመምህሩ ነው።