በግቢዎ ዶሮ የማርባት መብትዎ እስከ የት ነው?

በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ሰባት ኪሎ ወይም በሰመራ አንድ ቤተሰብ ለልጆቹ እንቁላል ብሎ አምስት ስድስት ዶሮ በግቢው ቢይዝ ሕግ ጥሷል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዶሮ ማርባትን አይከለክልም። ዶሮዎቹ የግል ንብረትዎ ናቸው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይጠብቅልዎታል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋትም ዶሮና እንቁላልን ያበረታታል። ነገር ግን እሱ መርሐ ግብር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ጎረቤት ቢከስዎ ብቻውን መከላከያ አይሆንዎትም።

ጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከአጥሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ሽታና ጩኸት እንዳያስነሳ ያዛል። ልክ ማለፉ የሚመዘነው በአካባቢው ልማድና በቦታው ሁኔታ ነው። ይህ ለአፋር ከተሞች ከባድ ቁም ነገር ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ብዙ ሰው አልጋውን ደጅ አውጥቶ ያድራል። ደጋ ላይ በግድግዳ የሚታፈን የአውራ ዶሮ ጩኸት እዚህ የተኛ ሰው ራስጌ ላይ ነው። ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም፤ ስለዚህ ሴቶቹን ብቻ ይያዙ። ቆጡን ከጎረቤት መኝታ ያርቁ፣ ጥላ ያብጁለት፣ ኩሱን በየቀኑ ይጥረጉ። ዶሮዎ አጥር ዘላ የሰው ጓሮ ብትጭር ግን «አምልጣኝ ነው» ማለት አያድንም፤ በአንቀጽ 2071 መሠረት ባለቤቱ ኃላፊ ነው።

ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታም አይናቁ። አንድ ግቢ የገባ በሽታ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ዶሮዎች በድንገት ማለቅ ከጀመሩ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ፣ የሞቱትን ይቅበሩ እንጂ ወደ ወንዝ ወይም መንገድ አይጣሉ።

በኮንዶሚኒየም ግቢው የጋራ ስለሆነ አስቀድመው ማኅበሩን ያስፈቅዱ፤ ተከራይ ከሆኑ ውልዎን ያንብቡ። ለሽያጭ በብዛት ማርባት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመኖሪያ በሊዝ የተሰጠን ቦታ የእርባታ ጣቢያ ማድረግ የአገልግሎት ለውጥና የንግድ ፈቃድ ጥያቄ ያስነሳል።

ደንብ አስከባሪ መጥቶ «ዶሮ ክልክል ነው» ካለ የትኛው ደንብ እንደሚከለክል በትሕትና ይጠይቁ፤ ትእዛዙንም በጽሑፍ ይሰጥዎ። የንብረት መብት ሊገደብ የሚችለው በሕግ ነውና ከተማው በሥልጣኑ ያወጣው ደንብ ካለ ይክበር። የቃል ትእዛዝ ግን የአንዲትን እናት ዶሮዎች ጭኖ ለመውሰድ አይበቃም፤ ይህ ሲሆን ዝም ማለት አይገባም። ያለ ሕግ የተወሰደብዎትን ለማስመለስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 መክሰስ ይችላሉ፤ ጊዜው ሁለት ዓመት ነው። ለእንባ ጠባቂ ተቋምም ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይቻላል።

ከጎረቤት ጋር ከተጣሉ ፍርድ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሽማግሌ ይያዙ። አፋር መዳዓ በተባለው ባህላዊ ሥርዓቱ ጉዳትን በካሳና በእርቅ የመጨረስ የቆየ ልምድ አለው። የተስማሙበትን የዶሮ ቁጥር፣ የቆጡን ቦታና የካሳውን መጠን ጽፋችሁ ከምስክሮች ጋር ፈርሙ። የከተማ ምክር ቤቶቹም ቁጥሩን፣ ርቀቱንና ክትባቱን የሚወስን ግልጽ መመሪያ በአፋርኛና በአማርኛ ሊያወጡልን ይገባል። እስከዚያው ድረስ የክትባት ደረሰኝዎንና የእርቅ ሰነድዎን አብረው ያስቀምጡ፤ ክርክር ቢነሳ ዳኛው ፊት ማስረጃዎ እነሱ ናቸው።