የቅዝቃዜ ወራት፣ ጉንፋንና ጭስ፦ ጤናን በቤትና በማኅበር መጠበቅ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆቦ ወረዳ ከተማ ናት። ማሽላ ታጭዶ ወደ አውድማ በሚገባበት ወቅት የቆላው ቀን ቢሞቅም ሌሊቱና ማለዳው ይቀዘቅዛል። በዚህ ጊዜ ሳልና ንፍጥ የያዘው ሰው ብዙውን ጊዜ «ብርድ መታኝ» ይላል። ይሁን እንጂ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ብርዱ ሰዎች በርና መስኮት ዘግተው በአንድ ክፍል እንዲሰበሰቡ ስለሚያደርግ ቫይረሱ በቀላሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።

ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ

ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ በማስነጠስና በንፍጥ ይጀምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይሻላል። ኢንፍሉዌንዛ ግን በድንገት ይጀምራል፤ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና ብርቱ ድካም ያስከትላል። ኮቪድ-19 ሁለቱንም ሊመስል ስለሚችል በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ምርመራ ያስፈልጋል። ሦስቱም በቫይረስ የሚመጡ በመሆናቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አይፈውሳቸውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰዱ መድኃኒቱን የተላመዱ ተሕዋስያን እንዲበዙ ያደርጋል።

ከ1911 ዓ.ም. የተገኘ ትምህርት

ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ክፉኛ መትቷል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ ራስ ተፈሪ መኰንንም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ፣ ማለትም «ኅዳር ሲታጠን»፣ ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። አካባቢን ማጽዳት መልካም ሥራ ነው። ጭሱ ግን በትንፋሽ የሚተላለፈውን ቫይረስ አያጠፋም፤ የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል፤ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ስለዚህ ቆሻሻን ከመኖሪያ ርቆ መቅበር፣ ምድጃውንም ከመኝታ ክፍል መለየትና ለጭሱ መውጫ ማበጀት ይመረጣል።

በየዕለቱ ሊደረግ የሚገባው

• ጠዋትና ማታ ብርድ ቢሆንም በርና መስኮት ለጥቂት ጊዜ ከፍቶ ቤቱን ማናፈስ።
• እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ፤ ሳሙና ከሌለ አመድ መጠቀም።
• ሲያስሉና ሲያስነጥሱ አፍና አፍንጫን በክንድ መታጠፊያ መሸፈን።
• በቡና ሰዓት ሲኒን በሚገባ ሳያጥቡ ከአንዱ ወደ ሌላው አለማስተላለፍ።
• በአውድማ አቧራና በገበያ ግፊያ አፍንና አፍንጫን መሸፈን።

የታመመ ሰው ከገበያ፣ ከቅሬ ስብሰባና ከለቅሶ ድንኳን ለጥቂት ቀናት ቢቀር ጎረቤቱን ያከብራል እንጂ አይንቅም። ትከሻ ለትከሻ ተሳስሞ ከመገናኘት ይልቅ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ሰላምታ መስጠት ይበቃል። ቤተሰብም በሽተኛውን ሳያገል ምግብና ትኩስ ፈሳሽ ያቀርብለታል። ማር ጉሮሮን ቢያለዝብም ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም። ለሕፃናት አስፕሪንም አይሰጥም። የጡት ወተት ግን ሳይቋረጥ ይሰጣል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሕፃኑ ልብስ ገለጥ ተደርጎ፣ ሳያለቅስ፣ አተነፋፈሱ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ራሱን ከሳተ አደጋው ከባድ ነው። ዕድሜው ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን ሲታመም ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ይወሰድ። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር፣ የልብና የአስም ሕሙማንም ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ሲገጥማቸው ሌሊቱ እስኪነጋ መጠበቅ የለባቸውም።