እርሾ፣ ስልጆና እርጎ ለአንጀት ጤና

በሐይቅም ሆነ በአምባሰል ሊጥ በእርሾ ይቦካል፤ ወተትም በወይራ በታጠነ ዕቃ ይረጋል። ይህን ሥራ የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። በትልቁ አንጀታችንም እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ሆድ ያልፈጨውን የእህል አሰር አብላልተው የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ያወጣሉ፤ በሽታ አምጪዎችንም ቦታ ይነሷቸዋል።

በ1908 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤሊ ሜችኒኮፍ የረጋ ወተት ዕድሜን ያስረዝማል የሚል እምነት ነበረው። የዕድሜው ነገር ባይረጋገጥም ዛሬ ፕሮባዮቲክ ለሚባለው ሐሳብ መነሻ ሆኗል።

ታዲያ እንጀራ ፕሮባዮቲክ ነውን? አይደለም፤ የምጣዱ ሙቀት የእርሾውን ባክቴሪያ ይገድላል። ቢሆንም መቡካቱ ሰውነት ብረትን እንዳይወስድ የሚያግደውን ፋይቴት ይቀንሳል። በጾም ወራት ሕያው ሆኖ ለገበታ የሚቀርበው ይልቁንም ስልጆ ነው፤ የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ከበሰለና ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት ይብላላል፤ ዳግመኛም እሳት አያየውም። ባለሙያ እናቶች ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ስለ እርጎ ግን ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መርጋቱ ብቻ አያነጻውም። ስለዚህ ወተቱ ይፍላ፤ ለብ ሲል፣ ቀድሞ ከተፈላ ወተት ከረጋ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበትና በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይርጋ።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን እርጎ ሕክምናን አይተካም፤ ወደ ጤና ኬላ ተወስዶ ኦ.አር.ኤስና ዚንክ ይሰጠው። ከጎረቤት የተረፈ ፀረ ባክቴሪያ ክኒን ጠቃሚዎቹንም አብሮ ስለሚፈጅ፣ ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይሰጥ።