ሦስተኛው ጎማ ምን ይሰጣል? ምንስ ይወስዳል?

ቬስፓ በጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። ሁለቱም ፒያጆ ከሚባለው ፋብሪካ የወጡ ሲሆን፣ ተርቧ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ንቧ ደግሞ በ1948 ነው የተወለዱት። የቬስፓ ነዳፊ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሚባል የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ንቧ እንዴት ተገኘች ቢባል፣ የተርቧን የፊት ገላ ከነመሪው ይዞ ከኋላ በአንዱ ጎማ ምትክ ሁለት ጎማና የጭነት ሣጥን በማድረግ ነው። የመጀመሪያዋ አፔ 200 ኪሎ ግራም ያህል ትሸከም ነበር። ዛሬ በየከተማችን ባጃጅ የምንለውም የዚሁ ዘር ነው። ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ሲሆን፣ ይህ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓ ይሠራ ነበር።

ይህን የምናነሣው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። ከሠልጣኝ ጓደኞቻችን አንዱ በልጅነት ልምሻ እግሮቹ ስለተጎዱ በክራንች ነው የሚሄደው። ለማስተማር ልምምድ የተመደበበት ትምህርት ቤት ከዚህ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ደግሞ ገላው የዛገ፣ ሞተሩ ግን ያልሞተ አንድ አሮጌ ቬስፓ ቆሟል። ታዲያ «ሦስተኛ ጎማ ብንገጥምለትስ?» የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ወረቀት ላይ ማስላት ያስፈልጋል ብለን በእጅ ሥራና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የሠራነውን እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ጥሩ ትምህርት ይወጣዋል።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ቬስፓ የሚነዳ ሰው እግሩን ለምን ለምን ይፈልገዋል? ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ ናቸው። ቤንዚን መስጫውና የፊት ፍሬኑ በቀኝ እጅ ናቸው። በዚህ በኩል ስኩተር እግሩ ለተጎዳ ሰው ከመኪና ይልቅ የተመቸ ነው ማለት ይቻላል። እግር የሚፈለገው ለአራት ነገር ነው፤ ሲቆም ደግፎ ለመያዝ፣ ሞተሩን ረግጦ ለማስነሣት፣ የኋላውን ፍሬን ለመርገጥ፣ እንዲሁም ወደ ኋላ ለመግፋት። አዎን፣ ስኩተር የኋላ ማርሽ የለውም፤ ነጂው ነው በእግሩ እየገፋ የሚመልሰው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ጎማ ከእነዚህ ከአራቱ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው! ሦስቱ እንዳሉ ይቀራሉ። ብዙ ሰው «ጎማ ጨምሩለት በቃ» የሚለው ይህን ሳያይ ነው።

ከኛ በፊት ይህን ጥያቄ በሚገባ ያሰበበት ሰው ነበር። ፍሪትዝ ፌንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1948 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግራቸውን ላጡ ሰዎች አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ባለ ሦስት ጎማ መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያው ሞተር እንኳ አልነበረውም፤ በነጂው ጉልበት ነበር የሚሄደው። ኋላ አውሮፕላን እንዳይሠራ የተከለከለው የሜሰርሽሚት ፋብሪካ ሐሳቡን ተቀብሎ በ1953 ካ.ኤር. 175፣ በ1955 ደግሞ ካ.ኤር. 200 የሚባሉትን አወጣ። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ናቸው። የካ.ኤር. 200 ሞተር 191 ሲ.ሲ. ባለ ሁለት ምት ሲሆን የኋላ ማርሽ አልተሠራለትም። ታዲያ ወደ ኋላ እንዴት ይሄዳል? ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ እንደገና በተቃራኒ አቅጣጫ እንዲዞር አድርጎ ያስነሣዋል! ባለ ሁለት ምት ሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ስለሌለው ወደ ፈለጉት ወገን ይዞራል። በዚህም የተነሣ መኪናው ወደ ኋላም አራት ማርሽ ነበረው። የኛ ቬስፓም ባለ ሁለት ምት ነው። ነገር ግን ለዚህ ሥራ ሁለተኛ የእሳት ማስነሻ ዝግጅትና በኤሌክትሪክ የሚዞር ማስነሻ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የሉንም።

እዚህ ላይ ለሁለት ተከፍለናል። ገሚሶቻችን ሞተሩ እንዳለ ይሁንና በካቴና አንዱን የኋላ ጎማ ይንዳ እንላለን፤ ርካሽ ነው፣ ዕቃውም በእጃችን ነው። የቀሩት ደግሞ ከወደቀ ባጃጅ የኋላውን ክፍል ከነሞተሩ፣ ከነካምቢዮውና ከነዲፈረንሻሉ እንግዛ፣ ከቬስፓው የፊቱን ብቻ እንውሰድ ይላሉ። የባጃጅ ካምቢዮ የኋላ ማርሽ አለውና። ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው ወደ ሁለተኛው እናደላለን። ክራንች የያዘ ሰው ግድግዳ ፊት ቆሞ ወደ ኋላ መመለስ ካልቻለ፣ የሚገፋው ሰው እስኪመጣ መጠበቁ ነው። የሚገፋው ሰው መጠበቅ ሰልችቶት አይደለም እንዴ ተሽከርካሪ የሚፈልገው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለ ሁለት ጎማ ነጂ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ሳያስበው ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ሕፃን ልጅ በብስክሌት ሳይማር የሚያውቀው ነገር ነው። ስለሚያዘነብልም ኃይሉ ሁልጊዜ በጎማው መሐል ወደ መሬት ይወርዳል፤ ቸርኬውና ኩሽኔታው ወደ ጎን አይገፉም። ሦስተኛው ጎማ ሲገባ ግን ማዘንበል ቀረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጎን የሚመጣውን ኃይል ሁሉ የሚችሉት ጎማዎቹ፣ ቸርኬዎቹና ሻንሲው ናቸው። ያም ብቻ አይደለም፤ ተሽከርካሪው መገልበጥ የሚባል አዲስ ጠባይ ያመጣል።

መቼ ይገለበጣል? ባለ አራት ጎማ ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነበር፤ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ስፋት ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ማካፈል ብቻ ነው። በባለ ሦስት ጎማ ግን መደገፊያው ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ወደ ነጠላው ጎማ በቀረብን ቁጥር ይጠባል። ስለዚህ የስፋቱን ግማሽ ከነጠላው ጎማ እስከ ክብደት ማዕከሉ ባለው ርቀት እናበዛለን፤ ውጤቱን ከነጠላው ጎማ እስከ ኋላ አክስል ላለው ርቀት እናካፍላለን፤ በመጨረሻም ለከፍታው እናካፍላለን።

የኛ ሥዕል እንዲህ ነው፤ የኋላ ጎማዎች ስፋት 1.10 ሜትር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ አክስል 2 ሜትር፣ ክብደቱ ከነነጂው 260 ኪሎ፣ የክብደት ማዕከሉ ከፊት ጎማ 1.30 ሜትር፣ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር። ሲሰላ 0.6 ያህል ይመጣል። ይኸውም ወደ ጎን ያለው ኃይል ከክብደቱ 0.6 እጅ ሲደርስ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሣል ማለት ነው። ሬዲየሱ 10 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ይህ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ላይ ይሆናል። ያው ስፋትና ከፍታ ያለው ባለ አራት ጎማ ቢሆን 34 ድረስ ይችል ነበር።

እንግዲህ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ሊጨምርበት ይመጣል። አንዱ ከዝናብና ከፀሐይ የሚያድን የላሜራ ጣራ ይሁንለት ይላል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለ1.8 ካሬ ሜትር 14 ኪሎ መሆኑ ነው። 14 ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ነገር ግን የምትቀመጠው 1.60 ሜትር ላይ ስለሆነ የሁሉንም ክብደት ማዕከል 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ታደርገዋለች። ሌላው ደግሞ እኛም አብረን እንሂድ፣ ከነጂው ግራና ቀኝ መቀመጫ ይሠራ ይላል። በከተማ ባጃጆች እንዳየነው መሆኑ ነው። ሁለት ሰዎች ከፊት ሲቀመጡ ክብደቱ ወደ ነጠላው ጎማ ይሳባል፤ ከፍም ይላል። ጣራውና ሁለቱ ሰዎች ሲደመሩ 27 የነበረው ወደ 23 ይወርዳል። ትናንት በደህና ያለፈበትን መታጠፊያ በዚያው ፍጥነት ሲደርስበት ዛሬ ይገለብጠዋል ማለት ነው። መሐል መታጠፊያ ላይ ፍሬን ከያዘ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ወደ ነጠላው ጎማ ይወረወራልና።

ስለዚህ ጣራው በቀጭን ቱቦ ላይ የተወጠረ ሸራ ይሁን ብለናል። ሰው መጫን ግድ ከሆነም አንድ ብቻ፣ ያውም ከነጂው ጀርባ። ከጀርባ ሲቀመጥ ፍጥነቱ ከ27 እምብዛም አይወርድም።

ማሻሻልስ ይቻላል? አዎን። የኋላውን ስፋት በ20 ሴንቲ ሜትር ብናሰፋው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ነገር ግን ሳናሰፋው ክብደቱን በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብናደርገው ያው 30 ይመጣል! ማስፋት ብረት ይፈልጋል፣ በር አያሳልፍም፤ ዝቅ ማድረግ ግን የወንበሩንና የሰልባትዮውን ቦታ መለወጥ ብቻ ነው። የኛ ምርጫ ዝቅታው ነው። የሁለት ጎማ ከፊት አሠራር በፍሬን ጊዜ የተሻለ መሆኑን ካ.ኤር. 200 ያሳየናል፤ ነገር ግን መሪው በዘንግ የተያያዙ ሁለት ጎማዎችን ስለሚያዞር በኛ ወርክሾፕ አቅም የሚሠራ አይመስለንም።

ይህን ለተማሪ እንዴት እናስተምረው?

ማንም የመንደር ልጅ የሽቦ መኪና ይሠራል፤ ጎማው ቆርኪ ነው። አንድ ባለ ሦስት፣ አንድ ባለ አራት ጎማ ያሠሩ። ስፋቱ 11፣ ርዝመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጭነቱ በጭቃ የተያዘ ድንጋይ ነው። ከዚያ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ ወደ ጎን አዙሮ ማቆም፣ እንዳይንሸራተትም በቆርኪዎቹ ሥር ቀጭን እንጨት ማጋደም። የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያሉ ከፍ ማድረግ ነው። የኛን ልክ የያዘው ባለ ሦስት ጎማ ጫፉ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ይገለበጣል፤ ጣራና ሁለት ሰው የተጫነበት 39 ሲሞላ ይወድቃል። ፕሮትራክተር የለንም ለሚል ትምህርት ቤት ማስመሪያ ይበቃዋል። ልጆቹ ድንጋዩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ እያዛወሩ ራሳቸው ይድረሱበት፤ መምህሩ ባይናገር ይሻላል።

ሌላም ጥሩ ጥያቄ አለ። ተሽከርካሪው 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የውጭኛው የኋላ ጎማ ከውስጠኛው ምን ያህል አስበልጦ ይሄዳል? ተማሪው «እንደ መታጠፊያው ስፋት ነዋ» ይላል። አይደለም። በጠባብም በሰፊም መታጠፊያ ልዩነቱ 1.73 ሜትር ነው፤ የሚወሰነው በጎማዎቹ መካከል ባለው ስፋት ብቻ ነው። ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ድፍን አክስል የበየድን እንደሆነ ይህ 1.73 ሜትር በመፋተግ ይከፈላል፤ ጎማው ያልቃል፣ ተሽከርካሪውም መሪ ቢዞርም ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ኮረት ላይ የፊት ጎማው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ዲፈረንሻል የተፈጠረው ለዚህ ነው። ዲፈረንሻል ከሌለ አንዱን ጎማ ብቻ መንዳት፣ ሌላውን በኩሽኔታ በነፃ እንዲዞር መተው ነው።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሁለት ሰው የያዘ ስኩተር፣ በጠቅላላው 240 ኪሎ ቢመዝን፣ የሚቆመው 8,300 ጁል ያህል ወደ ሙቀት ሲለወጥ ነው። 400 ኪሎ የተጫነ ባለ ሦስት ጎማ ግን 13,900 ጁል ገደማ ነው። የስኩተሩ ፍሬን ለመጀመሪያው ነው የተሠራው። እግር ስለሌለም አንድ መጨበጫ የፊቱንና የኋላውን ገመድ በትንሽ ሚዛን ብረት በኩል እኩል እንዲስብ አድርገን ሥለናል። ዳገት ላይ ለማቆም ደግሞ እንደ መኪና በጎን የሚሳብ የእጅ ፍሬን የግድ ነው። ሦስት ጎማ ሰው ሳይይዘው ይቆማል፤ ሰው ሳይይዘውም ይሄዳል።

ስለ ሞተሩ ብዙ አንልም። ቬስፓ ሞተሩ የተሸፈነ ስለሆነ በማራገቢያ ነው የሚቀዘቅዘው፤ አዲስ ገላ ሲሠራ የአየር መግቢያው እንዳይደፈን። ከፍተኛ ቦታም ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። ለዳገት ከኋላ ትልቅ ጥርስ መግጠም፣ ፍጥነትን መተው ነው።

በመጨረሻ ልኩን ከባለቤቱ ወስደናል። ወንበሩ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ከለመደው ወንበር እኩል ስለሆነ ተንሸራትቶ ይገባል። የግራ ጎኑ ክፍት ነው። ክራንቾቹ ከወንበሩ ጎን በቱቦ ውስጥ ይቆማሉ እንጂ መሪው ላይ አይንጠለጠሉም። እሱ ራሱ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተማሪዎችን ደብተርና ጠመኔ ሳያርስ የሚይዝ ሣጥን። ከወንበሩ ሥር አድርገንለታል፤ ክብደትም ከሥር ሲሆን አይጎዳም።

ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚሳፈረው 70 ኪሎ አሸዋ በጆንያ ነው። በግቢው ሜዳ በገመድ እየጎተትን እናዞረዋለን። ከዚያ ከመካከላችን አንዱ ይነዳዋል፤ ቀጥሎ ባለቤቱ። ምርመራ ሳያልፍና ታርጋ ሳይኖረው ከበር አይወጣም። ሥዕሉ በእጅ ሥራ ክፍል በሰሌዳው ጎን ተሰቅሏል። ስሌታችንን የሚያርም ቢኖር በእርሳስ ይጻፍበት፤ ብየዳ የሚችል ደግሞ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይምጣ።